ባልተገናኙ ጀግኖች ላይ ስለ መፍረድ

ሰው በተፈጥሮው ማበላለጥ ይወዳል። ሁለት ተራራ ቢያይ የትኛው ይረዝማል ብሎ ይጠይቃል፤ ሁለት ወንድማማች ቢያይ የትኛው ይሻላል ብሎ ያነጻጽራል። ይህ ጠባይ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ማመዛዘን የማያውቅ ሰው መልካሙን ከክፉው ለይቶ ሊመርጥ አይችልምና። ነገር ግን ሚዛን ሁሉ ትክክል አይደለም፤ መዛኝም ሁሉ ሐቀኛ አይደለም። እንግዲህ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ ስለ ሚዛን ጥቂት እንነጋገር። ምሳሌ የማደርገውም ብዙዎቻችሁ የምትወዱትን የቡጢ ግጥሚያ ነው።

በአንድ የበዓል ቀን ሁለት የእኅቴ ልጆች ቡና እስኪፈላ ድረስ ተቀምጠው ይከራከሩ ነበር። ታላቁ፣ «ከመሐመድ ዓሊ የሚበልጥ ቡጢኛ አልተወለደም» ይላል። ታናሹ፣ «ማይክ ታይሰን በሃያ ዓመቱ ቢያገኘው ኖሮ ከሦስት ዙር አያሳልፈውም ነበር» ይላል። ክርክሩ ከጨዋታ ወደ ቁጣ፣ ከቁጣም ወደ ስድብ ሊሻገር ሲል ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ «ጋሼ፣ እርስዎ መምህር ነዎት፤ ይፍረዱን» አሉኝ። እኔም በዓሊ ዘመን ያደግሁ ሰው ነኝና ፍርዱ በአፌ ላይ ነበረ። ሆኖም ልናገር ስል አንድ የቆየ ነገር ትዝ ብሎኝ አፈርሁና፣ «እስከ ማታ ጊዜ ስጡኝ» አልኋቸው። ያሳፈረኝን ነገር በኋላ እነግራችኋለሁ።

ታናሹ ማስረጃ አላጣም። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ። በ1981 ዓ.ም. ትሬቨር በርቢክ የተባለ ቡጢኛ በባሃማስ ዓሊን በነጥብ አሸነፈው። ይህንኑ በርቢክን በ1986 ዓ.ም. ታይሰን በሁለተኛው ዙር በዝረራ ጥሎ፣ ገና በ20 ዓመቱ፣ በታሪክ ከሁሉ በዕድሜ ያነሰ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ። «ታዲያ ዓሊን ያሸነፈውን ሰው ያሸነፈ ከዓሊ አይበልጥም?» አለ።

ነገሩ ሲሰሙት ልክ ይመስላል። ነገር ግን በባሃማስ የቆመው ዓሊ አርባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሳምንታት ብቻ የቀሩት፣ እግሩ የከበደና ንግግሩ መጎተት የጀመረ ሰው ነበረ፤ ከዚያም ወዲያ በውድድር አልተጋጠመም። በዚያ ሰው መዝኖ በ1966 እንደ ወፍ ይበር በነበረው ወጣት ላይ መፍረድ፣ ጀምበር ስትጠልቅ አይቶ ቀትርን እንደ ማማት ነው።

ደግሞም «እገሌ እገሌን ካሸነፈ» የሚለው ሐሳብ በቡጢ መድረክ ላይ እንደማይጸና ታሪክ አሳይቷል። ጆ ፍሬዘር በ1971፣ ኬን ኖርተንም በ1973 ዓሊን አሸነፉት። ጆርጅ ፎርማን ደግሞ ፍሬዘርን በ1973፣ ኖርተንንም በ1974 እያንዳንዳቸውን በሁለት ዙር ጨረሳቸው። በዚህ ስሌት ቢሆን ኖሮ በጥቅምት 1974 በኪንሻሳ ዓሊ በፎርማን እጅ መውደቅ ነበረበት። የወደቀው ግን ፎርማን ነው፤ ያውም በስምንተኛው ዙር። ሰው እንደ ቁጥር አይደለም፤ ከአንዱ ሲቀነስ ለሌላው የሚደመር አይደለም።

ይህን ክርክር በመሣሪያ ለመፍታት የሞከሩም ነበሩ። በ1967 ዓ.ም. ማሪ ዎሮነር የተባለ የማያሚ የራዲዮ ሰው የልዩ ልዩ ዘመን ሻምፒዮኖችን ታሪክ ለኮምፒዩተር አስገብቶ በሐሳብ እያጋጠመ በራዲዮ አሰማ። በዚያ ውድድር ዓሊ ከብዙ ዓመት በፊት በነበረው በጂም ጄፍሪስ ተሸነፈ ተባለ። ዓሊም በዚህ ተቆጥቶ የ1 ሚሊዮን ዶላር ክስ አቀረበ። ነገሩ በስምምነት አለቀና በ1969 ዓሊና ሮኪ ማርሲያኖ ለፊልም ፊት ለፊት ቆሙ። ማርሲያኖ 45 ዓመት ሆኖት ነበር፤ መላጣውን ሰው ሠራሽ ጠጉር ሸፍኖለታል። ዓሊም ከመድረክ የታገደበት ጊዜ ነበረ። ሁለቱ ልዩ ልዩ ፍጻሜዎችን በጨዋታ እየተመታቱ ተቀረጹ። ፊልሙ በጥር 1970 በአሜሪካ ሲታይ ማርሲያኖ በ13ኛው ዙር አሸነፈ፤ እርሱ ግን ከጥቂት ወራት በፊት በአውሮፕላን አደጋ ሞቷልና ድሉን አላየም።

ከዚህ ምን እንማራለን? መሣሪያ የሰጡትን ይመልሳል እንጂ ያልሰጡትን አይፈጥርም። ለኮምፒዩተሩ «ጥንካሬ ይህን ያህል፣ ፍጥነት ይህን ያህል» ብሎ የነገረው ሰው ነው። የሰውን አስተያየት በቁጥር አልብሶ ማቅረብ አስተያየቱን እውነት አያደርገውም። እናንተ ከእኛ ይልቅ በቁጥርና በመሣሪያ ዘመን የምትኖሩ ናችሁና ይህን አስቡበት።

አሁን ደግሞ ወደ ሕጉ እንምጣ። የዘመኑን ሕግ ሳያውቁ በዘመኑ ሰው ላይ መፍረድ አይቻልም። በ1889 ዓ.ም. ጆን ሱሊቫንና ጄክ ኪልሬን ያለ ጓንት፣ በባዶ እጃቸው፣ በበጋ ፀሐይ 75 ዙር ተጋጠሙ። በ1919 ጃክ ዴምፕሲ ጄስ ዊላርድን በመጀመሪያው ዙር ብቻ ሰባት ጊዜ ጣለው። በዚያን ጊዜ የወደቀው ሰው ሲነሣ የጣለው ከአጠገቡ ቆሞ ይጠብቀውና ገና ቀና ሲል ይመታው ነበር። በ1927 በቺካጎ ያው ዴምፕሲ ጂን ተኒን በሰባተኛው ዙር ጣለው፤ ነገር ግን በዚህ ግጥሚያ ሕጉ «ተጋጣሚህን ከጣልህ ወደ ሩቁ ጥግ ሂድ፤ ዳኛው መቁጠር የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው» ይላል። ዴምፕሲ በቀድሞው ልማዱ ከወደቀው ሰው አጠገብ ቆሞ ዘገየ፤ ቆጠራውም ዘገየ። ተኒ ከ10 ሰከንድ በላይ አርፎ፣ ዳኛው ዘጠኝ ሲል ተነሣና በነጥብ አሸነፈ። ሰውዬውም ያው ነው፤ ጡጫውም ያው ነው፤ የተለወጠው ሕጉ ነው።

ሌላም ልጨምር። ማርሲያኖ 49 ጊዜ ተጋጥሞ 49 ጊዜ አሸንፎ አንድም ሽንፈት ሳይቀምስ በ1956 ተሰናበተ። ይህ ቁጥር በብዙ ክርክር ላይ እንደ ማኅተም ይቀርባል። ነገር ግን በ1952 ከጀርሲ ጆ ዎልኮት ሻምፒዮንነቱን ሲወስድ እስከ 12ኛው ዙር ድረስ በሦስቱም ዳኞች ነጥብ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር፤ በዝረራ ያሸነፈው በ13ኛው ነው። ጆ ሉዊስም በ1941 ከቢሊ ኮን ጋር ሲጋጠም እንዲሁ በነጥብ እየተበለጠ ሳለ በ13ኛው ዙር ጣለው። በ1982 ዱክ ኩ ኪም የተባለ ወጣት ኮሪያዊ እስከ 14ኛው ዙር ተዋግቶ ከሞተ ወዲህ ግን የሻምፒዮና ግጥሚያ ከ15 ዙር ወደ 12 እየተቀነሰ ሄደ። ሕጉ ሠላሳና አርባ ዓመት ቀድሞ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ማርሲያኖ ሽንፈት የሌለበት፣ ሉዊስም የማይደፈር ተብለው ባልተጠሩ ነበር። እነርሱ ግን በ15 ዙር ሕግ ተዋጉ፤ ኃይላቸውንም ለ15 ዙር ቆጠቡ። ባልነበሩበት ሕግ ልንከሳቸውም ልናሞግሳቸውም አይገባንም።

አንዳንዱ ደግሞ፣ «የዛሬዎቹ ግዙፍ ናቸው፤ የድሮዎቹ በፊታቸው አይቆሙም» ይላል። እውነት ነው፣ ማርሲያኖ ወደ 85 ኪሎ ግራም ይመዝን ነበር፤ የዘመናችን ታይሰን ፊውሪ ወደ 119 ኪሎ ይመዝናል። ይሁን እንጂ በግንቦት 2024 በሪያድ ኦሌክሳንደር ኡሲክ 18 ኪሎ ያህል የሚበልጠውን ይህንኑ ፊውሪን አሸነፈ። ስለዚህ ግዝፈት ብቻውን ዳኛ አይሆንም፤ «ድሮ ቀረ» ማለት ስሕተት እንደ ሆነ ሁሉ «ድሮ ምን አለ» ማለትም ስሕተት ነው።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ተጋጠሙት ነው። ከዚህ የሚከብደው ግን እንዳይጋጠሙ ስለ ተከለከሉት ነው፤ የነገሬም ዋና ቁም ነገር ይህ ነው።

ሳም ላንግፎርድ የተባለ ጥቁር ቡጢኛ ከካናዳ ከኖቫ ስኮሺያ ተነሣ። ቁመቱ አንድ ሜትር ከሰባ አካባቢ ብቻ ነው። ከቀላል ሚዛን ጀምሮ እስከ ከባድ ሚዛን ድረስ ከሚበልጡት ጋር ሁሉ እየተጋጠመ አሸነፈ። የዓለም ሻምፒዮን ለመሆን ግን አልተፈቀደለትም። ጃክ ጆንሰን በ1908 በሲድኒ ቶሚ በርንስን አሸንፎ የመጀመሪያው ጥቁር የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን በሆነ ጊዜ ላንግፎርድ ተራው የደረሰ መሰለው። ጆንሰን ግን በ1906 ካሸነፈው ወዲያ ዳግመኛ ሊጋጠመው አልፈቀደም። ስንት ቅጥር ዘሎ የገባው ሰው በሩን በኋላው ዘጋ። ጆንሰን በ1915 ከተሸነፈ በኋላ ደግሞ ጆ ሉዊስ በ1937 እስኪያሸንፍ ድረስ፣ 22 ዓመት ሙሉ፣ አንድም ጥቁር ሰው ለከባድ ሚዛን ሻምፒዮና ሲጋጠም አልታየም። ሃሪ ዊልስ የተባለው ኃይለኛ ዴምፕሲን ለመጋጠም ለዓመታት ጠየቀ፤ ውል እስከ መፈራረም ተደርሶ ነበር፤ ግጥሚያው ግን አልተደረገም።

ላንግፎርድ ዐይኑ እስኪጠፋ ድረስ ተዋጋ። በ1944 አንድ ጋዜጠኛ በኒው ዮርክ በሃርለም ሰፈር በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ዕውርና ድኻ ሆኖ አገኘው፤ ታሪኩ ሲጻፍ ሰዎች ገንዘብ አዋጡለት። በ1956 ሞተ። ያው ዓመት ማርሲያኖ በ49 ድሉ የተሰናበተበት ነው።

አሁን የሻምፒዮኖችን ዝርዝር ብትከፍቱ የላንግፎርድን ስም አታገኙም። ተሸንፎ አይደለም፤ ቢሸነፍ ኖሮ ሽንፈቱ ይጻፍ ነበር። መዝገብ የሆነውን ይጽፋል፤ እንዳይሆን የተከለከለውን ግን አይጽፍም። እንግዲህ መዝገቡን ብቻ ይዘን፣ «አንደኛ እገሌ፣ ሁለተኛ እገሌ» ብለን ስንደረድር፣ በሩን የዘጉትን ሰዎች ፍርድ ሳናውቀው ደግመን እንፈርዳለን። ሟቹ ይግባኝ አይልም፤ ስለ እርሱ ይግባኝ ማለት የሚችለው በሕይወት ያለ ፈራጅ ብቻ ነው።

መዝገብ የማይጽፈው ሌላም ክብደት አለ። በሰኔ 1935 ጆ ሉዊስ ጣሊያናዊውን ፕሪሞ ካርኔራን በኒው ዮርክ ሲጋጠም የሙሶሊኒ ጦር በሀገራችን ላይ ይዘጋጅ ነበር። ብዙ ሰው ግጥሚያውን እንደ ኢትዮጵያና እንደ ኢጣልያ ጠብ አድርጎ ተመለከተው። ሉዊስ ወደ 30 ኪሎ የሚበልጠውን ሰው በስድስተኛው ዙር አሸነፈ። በመዝገቡ ላይ «በስድስተኛው ዙር» ተብሎ ተጽፏል፤ የ21 ዓመቱ ወጣት በትከሻው ምን ተሸክሞ እንደ ወጣ ግን አልተጻፈም።

አሁን አሳፈረኝ ያልሁትን ልንገራችሁ። እኔ የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት በአዳሪነት ነው። በክፍላችን 26 ነበርን። ለእያንዳንዳችን መጽሐፍ ነበረን፤ ማታ ማታ የምናጠናበት መብራት፣ ጠዋትም ገንፎ አይታጣም ነበር። መምህር ከሆንሁ በኋላ ለብዙ ዓመት፣ ተማሪዎቼ ፈተና በወደቁ ቁጥር፣ «በእኛ ዘመን እንዲህ ያለ ሰነፍ አልነበረም፤ እኛ በእናንተ ዕድሜ ይህን መጽሐፍ በቃላችን እንወጣው ነበር» እያልሁ እገሥጽ ነበር። እንዲህ ማለት የሚያተጋቸው ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን እንዲሁ ስናገር ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አነሣ። «ቲቸር፣ በእርስዎ ዘመን አንድ መጽሐፍ ለስንት ነበር?» አለኝ። በንቀት አልነበረም፤ ለማወቅ ነው የጠየቀኝ። በዚያ ክፍል 84 ተማሪዎች ነበሩ፤ አንዱን መጽሐፍ ለአራት ይካፈሉ ነበር። ይህ ልጅ ጠዋት ጠዋት እንጨት ተሸክሞ ገበያ አድርሶ እንደሚመጣ በኋላ ሰማሁ። ፈተናው ላይ ያገኘው 61 ነው። እኔ በእርሱ ዕድሜ 90 አገኝ ነበር። በዚያን ቀን ግን፣ ከሁለታችን ማን ይበልጣል ብሎ የሚጠይቀኝ ቢኖር፣ እውነቱን ለመናገር ድፍረት ይጠይቀኝ ነበር። ለልጁ «ለእያንዳንዱ አንድ አንድ» ብዬ መለስሁ። ክፍሉ ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ «በእኛ ዘመን» የሚለውን ቃል በክፍል ውስጥ አልተናገርሁም።

አንባቢ ሆይ፣ «እንዲህ ከሆነማ ማንንም ከማንም ማስበለጥ አይቻልም፤ ሁሉም እኩል ነው» እንዳትል። ይህም ሌላ ስሕተት ነው። ሁሉም እኩል ነው የሚል ሰው የመፍረድን ድካም ሸሽቶ ነው። ሚዛን አስቸጋሪ ነው ማለት ሚዛን የለም ማለት አይደለም። ስለዚህ ከመፍረድህ በፊት ሦስት ነገር ጠይቅ። አንደኛ፣ ይህ ሰው በገዛ ዘመኑ፣ በገዛ ዘመኑ ሕግ፣ ከነበሩት ኃይለኞች ጋር ተጋጥሟል ወይስ ደካማውን እየመረጠ ኖሯል? ሁለተኛ፣ የተከለከለው ምንድን ነው? እርሱስ ለሌላው የከለከለው አለ ወይ? ሦስተኛ፣ በወደቀ ጊዜ ምን አደረገ? ድል የሰውን ጉልበት ያሳያል፤ ውድቀት ግን ሰውየውን ራሱን ያሳያል። ከሁሉ በፊት ደግሞ መስፈሪያህን አስታውቅ፤ ሰውየውን ወድዶ ሚዛኑን በኋላ የሚሠራ ዳኛ አይደለም፤ ጠበቃ ነው።

ማታ እራት ከበላን በኋላ ልጆቹ ፍርዴን ጠየቁኝ። «ሁለቱ ቢጋጠሙ ማን ያሸንፍ ነበር ለሚለው ፍርድ የለኝም፤ ያልሆነውን የሚያውቅ ሰው የለምና» አልኋቸው። «ማን ይበልጣል ብትሉኝ ግን መስፈሪያዬን ነግሬ እፈርዳለሁ። ዓሊ ሊስተንን፣ ፍሬዘርን፣ ኖርተንን፣ ፎርማንን፣ የዘመኑን ኃይለኞች አንድ በአንድ ተጋጥሟል። በ1967 ወደ ቬትናም ጦርነት አልዘምትም ስላለ ሻምፒዮንነቱን ተነጠቀ፤ ከ25 እስከ 28 ዓመቱ ያለውን፣ የቡጢኛ ምርጥ ዕድሜ የሚባለውን፣ ለእምነቱ ሲል ከመድረክ ርቆ አሳለፈው፤ ወድቆም ተመልሶ ሻምፒዮን ሆነ። ታይሰን እጅግ ኃይለኛ ነበረ፤ ነገር ግን በ1990 በቶኪዮ በበስተር ዳግላስ ከወደቀ በኋላ እንደ ቀድሞው ሆኖ አልተነሣም። ስለዚህ ዓሊን አስቀድማለሁ።»

ታላቁ ደስ ብሎት ወረቀት አመጣና «ይጻፉልን» አለ። እኔም በወረቀቱ ላይ ዓሊን ጻፍሁ፣ ከሥሩ ሉዊስን፣ ከዚያም ሌሎቹን። ከሁሉ በላይ ግን አንድ መስመር ባዶውን ተውሁ። ታናሹ አየና፣ «ጋሼ፣ እዚህ ላይ ያለውን ረሱት?» አለኝ። «አልረሳሁትም» አልሁትና የላንግፎርድን ታሪክ ነገርኋቸው። ከዓሊ ይበልጣል ማለቴ አይደለም፤ ይበልጥ እንደ ሆነ ወይም እንዳልሆነ እንዳናውቅ ስለ ተደረገ ነው።

እናንተም ነገ መምህራን፣ ዳኞች፣ አለቆች፣ ወላጆች ትሆናላችሁ። ሰው እየመዘናችሁ «ይህ አንደኛ፣ ይህ መጨረሻ» የምትሉበት ቀን ይመጣል። የልጅን ማርክ ስታነብቡ፣ ለሥራ የሚያመለክተውን ስትመርጡ፣ ወንድምን ከወንድም ስታወዳድሩ፣ በወረቀቱ ላይ የተጻፈውን በጥንቃቄ አንብቡ፤ ያልተጻፈበትንም ቦታ አስቡ። ከዝርዝራችሁም ራስ ላይ፣ ወደ መድረኩ እንዳይወጣ ለተከለከለ ሰው፣ አንድ መስመር ተዉለት።